«አዎ፣ አይፈቀድም»

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

የእንግሊዝኛ ትምህርት አምዳችሁን በየሳምንቱ አነባለሁ። ሳልጨርሰው ልጄ ትቀማኛለች፤ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብታለች። ያለፈው ሳምንት ጽሑፍ ግን ከነከነኝ። ተማሪዎቻችን የሚሳሳቱት ሰዋስው ስለማያጠኑ ነው ይላል። እኔ በጣና ላይ ጀልባ ስነዳና እንግዳ ሳስጎበኝ 19 ዓመት ሆኖኛል። የባሰውን ስህተት የሠራሁት ሰዋስው ጠፍቶኝ ሳይሆን አማርኛዬ ቀድሞኝ ነው።

እስካሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ፈረንጅ ጣና ላይ ወዳለው የደሴት ገዳም፣ ክብራን ገብርኤል ውሰደኝ አለችኝ። ክብራን ሴት እንደማይገባበት የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ ያውቃል። እሷም የሆነ ቦታ አንብባለች መሰለኝ፣ ለማረጋገጥ ጠየቀችኝ። «አሬንት ዊመን አላውድ?» ሴቶች አይፈቀድላቸውም ወይ ማለቷ ነው። እኔም ኮራ ብዬ «የስ!» አልኳት። በልቤ «አዎ፣ አይፈቀድም» እያልኩ ነው። እሷ ደግሞ «ኧረ ይፈቀዳል» ብዬ የመለስኩላት መሰላት። እኔ ከጀልባው ሆና ዙሪያውን ልታይ ነው ብዬ ሞተሩን አስነሳሁ።

ስንደርስ ሻርፗን ተከናንባ፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ ገና ገመዱን ሳላስር ዘላ ወረደች። ዛፍ ሥር የተቀመጡ አንድ አባ ብድግ ብለው መቋሚያቸውን ዘረጉባት። ዞር ብላ «ዩ ሴድ የስ!» አለችኝ። «የስ፣ አይ ሴድ የስ!» አልኳት። ሁለታችንም እውነታችንን ነው። አባ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ። በመጨረሻ አጠገቡ ወዳለው እንጦስ ኢየሱስ ወሰድኳት፤ እዚያ ሴት ይገባል። ሒሳቡንም በግማሽ ቀነስኩላት።

ነገሩ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በአማርኛ የምንመልሰው ለጠያቂው ነው። «ምሳ አልበላህም?» ሲሉን ያሉት ልክ ከሆነ «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን። እንግሊዝኛ ጠያቂው እንዴት አድርጎ ጠየቀ ብሎ አይጨነቅም። ከበላህ «የስ»፣ ካልበላህ «ኖ» ነው፤ አለቀ። ይህን በ12 ዓመት ትምህርት አንድም መምህር አልነገረኝም። ስለ ግስ ሠንጠረዥ ግን ስንቴ ተገርፌአለሁ!

«መጣሁ»ም እንደዚሁ ነው። ነዳጅ ላመጣ ስሮጥ እንግዶቼን «አይ ኬም! አይ ኬም!» እላቸው ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼ እየራቅኩ «መጣሁ» ስል ለእኛ ምንም ችግር የለውም። እነሱ ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። «አይል ቢ ባክ» ማለት እንዳለብኝ ያስተማረችኝ ቡና የምታፈላልን ልጅ ናት። እሷ ትምህርቷን ከ6ኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፤ ጆሮዋ ግን ጆሮ ነው።

ሰዓቱንማ ተዉት። «ነገ ቱ ኦክሎክ» ብዬ የቀጠርኳቸው ባልና ሚስት የመጡት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። እኔ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሬ ወደቡ ላይ ተገትሬአለሁ። ከሰዓት ደግሞ ጣና ነፋስ ይነሳበታል። እየተናጥን ዘጌ ደርሰን፣ እየተናጥን ተመለስን። ሚስትየው ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም።

ልጄ አሁን የምትታገለው ከ«ዘ» ጋር ነው። እኛ «ሐይቁ»፣ «ወንዙ» ብለን ከኋላ የምንቀጥለውን እነሱ ከፊት ያመጡታል። ይሄስ ይሁን። ግን «ሌክ ጣና» ሲሉ «ዘ» የለም፤ «ዘ ብሉ ናይል» ሲሉ አለ። ሐይቅ አይፈልገውም፣ ወንዝ ይፈልገዋል። እዚሁ እኛ ዘንድ ያው ውኃ ከጣና ወጥቶ ዓባይ ሲሆን «ዘ» ይጨመርለታል ማለት ነው። እንዲህ ብዬ ካሳየኋት ወዲህ ተሳስታ አታውቅም።

አንድ ቅሬታም አለኝ። ባለፈው ድርሰቷ ላይ ጀልባዬን «ሺ»፣ «እሷ» ማለት ነው፣ ብላ ጽፋ ቀይ እስክሪብቶ አረፈበት። ከአማርኛው «ጀልባዋ» እንዳመጣችው ግልጽ ነው። ግን እንግሊዞችም መርከብና ጀልባን «ሺ» ይላሉ፤ የድሮ ልማዳቸው ነው፣ ከሽማግሌዎቻቸው ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ነጥቧ ቢመለስላት ደስ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በአምዳችሁ ላይ የለንደን ባቡርና በረዶ ምሳሌ ሆኖ ከሚቀርብ፣ ይሄ የእኛው «አዎ»ና «መጣሁ» ይቅረብልን። የአምዱ አዘጋጅ ባሕር ዳር ብቅ ካሉ እኔ ሌላም ብዙ አለኝ። ክብራንን አዙሬ እያሳየኋቸው እንጫወታለን። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወደቡ ጋ ይምጡ። በእኛ አቆጣጠር ነው ታዲያ።

የጀልባ አስጎብኚ
ከባሕር ዳር