ስለ ማይክሮ አር ኤን ኤ ሲጻፍ ፒ53 አይዘለል

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጋዜጣችሁ ስለ ማይክሮ አር ኤን ኤ እና ስለ ካንሰር ያወጣውን ጽሑፍ በደስታ አነበብሁ። ቪክተር አምብሮስ እና ጋሪ ሩቭከን በ2024 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበትን ግኝት ለአማርኛ አንባቢ ማድረስ ትልቅ አገልግሎት ነው። ሆኖም ጽሑፉ 22 ያህል ኬሚካላዊ ፊደላት ብቻ ያሏቸውንና የዘረመሎችን ሥራ የሚቆጣጠሩትን እነዚህን ትንንሽ አር ኤን ኤዎች አዛዥ እንደሌላቸው አድርጎ ስላቀረበ፣ ለብዙ ዓመታት ሥነ ሕይወት ያስተማርሁ ሰው እንደመሆኔ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በሕዋስ ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤዎችን ከሚያዙት መካከል በስፋት የተጠናው ፒ53 የተባለው ፕሮቲን ነው። የፕሮቲኑ ንድፍ ያለበት ዘረመል ዕጢ ከሚገቱት ዘረመሎች አንዱ ሲሆን፣ በግማሽ ያህሉ የሰው ካንሰር ውስጥ ተበላሽቶ ይገኛል። የሕዋሱ ዲ ኤን ኤ ሲጎዳ ፒ53 ይከማችና ሚር-34 የሚባሉትን ማይክሮ አር ኤን ኤዎች የሚያስገኙ ዘረመሎች ላይ ተጣብቆ ምርታቸውን ያበዛል፤ ይህንንም በ2007 እ.ኤ.አ. በርካታ የምርምር ቡድኖች በየፊናቸው አሳይተዋል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሚር-34ኤ በበኩሉ ሕዋሱ እንዲከፋፈል የሚገፉትን ሲዲኬ4ን እና ሲዲኬ6ን፣ እንዲሁም ሕዋሱን ከሞት የሚከላከለውን ቢሲኤል2ን ለማምረት የተላኩትን መልእክተኛ አር ኤን ኤዎች እየያዘ ምርቱን ያሳንሳል። ከዚህም በላይ ፒ53ን የሚያዳክመውን ሰርት1 የተባለ ፕሮቲን ስለሚቀንስ፣ አዛዡ በታዛዡ ሥራ ይበልጥ ይበረታል። ሁልጊዜ ሳስተምረው የሚደንቀኝ ይህ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፒ53 ዘረመል ከማስነሳት አልፎ፣ ድሮሻ የተባለው ኢንዛይም ሚር-16ን፣ ሚር-143ን እና ሚር-145ን ከረጅሙ ጥሬ አር ኤን ኤ ቆርጦ እንዲያወጣ እንደሚያግዝ ታወቀ።

ነገሩ ከእኛም አይርቅም። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማኅፀን በር ካንሰር ነው። ለዚህ ሕመም የሚዳርጉት ኤች ፒ ቪ የተባለው ቫይረስ ዓይነቶች ኢ6 የተባለ ፕሮቲን ያመርታሉ፤ እርሱም ፒ53ን ለመፍረስ ይዳርገዋል። ስለዚህ የፒ53 ዘረመል ሳይነካ ፕሮቲኑ ብቻ ይጠፋል፣ ሚር-34ኤም አብሮ ይቀንሳል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የኤች ፒ ቪ ክትባት ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ስለሚደርስ፣ ይህ ጥፋት ከመነሻው እንዳይጀምር ያደርጋል። ስለ ክትባቱ የሚጠራጠሩ ወላጆች ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ ጋዜጣው ቢጽፈው ደግሞ እኔ ከማገኛቸው እጅግ ለሚበዙ ወላጆች ይደርስ ነበር።

በጽሑፉ መጨረሻ ስለ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሰፈረው «በቅርቡ መድኃኒት ይሆናል» የሚለው አነጋገር ግን ያሳስበኛል። ሚር-34ኤን የሚተካ፣ ኤምአርኤክስ34 የተባለ መድኃኒት በ2013 እ.ኤ.አ. በሰዎች ላይ መሞከር ተጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ላይ ያስከተለው ከባድ ጉዳት ለአራት ታካሚዎች ሞት ምክንያት በመሆኑ በ2016 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ። ከዚያ ቀደም ብሎም የሚር-34 ዘረመሎች በሙሉ የተወገዱባቸው አይጦች በጤና ማደጋቸውና ፒ53 ለጉዳት ምላሽ መስጠቱን አለማቆሙ በ2012 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ፒ53 ሥራውን የሚያደርስባቸው እጆች ብዙ ስለሆኑ አንዱን ብቻ መልሶ መተካት በቂ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም።

ቤቱ ውስጥ ታማሚ ያለው አንባቢ ያንን ተስፋ አምኖ የተጀመረውን ሕክምና እንዳያቋርጥ፣ አነጋገሩ በሚቀጥለው እትም እንዲታረም በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥነ ሕይወት መምህር፣ ደሴ