ሞግዚቷም ሲኦሲ ትፈተን

ክቡር አዘጋጅ፣

ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ አሥራ አንድ ዓመት በሞግዚትነት ሠርቻለሁ። ስቀጠር የተጠየቅኩት መታወቂያ፣ የጤና ምርመራና ተያዥ ነው። ስለ ልጅ አያያዝ ምን እንደማውቅ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በዚያው ሌሊት ዘጠኝ ልጆች የሚያድሩበት ክፍል ተሰጠኝ።

አንድ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል። በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ ሰባት ዓመት ልጅ አልጋ ሳነጥፍ ትራሱ ሥር አራት ቁራሽ የደረቀ ዳቦ አገኘሁ። «አይጥ ልትጠራብን ነው?» ብዬ ተቆጣሁትና ጣልኩት። ልጁ አላለቀሰም። ዝም ብሎ ትራሱን ሥር ሥሩን ዳበሰ። በማግስቱ የራት ዳቦውን እጅጌው ውስጥ ሲከት አየሁት።

በሶሻል ወርክ የተመረቀች አንዲት ልጅ ለጥቂት ወራት አብራን ሠርታ ነበር። ነገሩን ሳጫውታት፣ ጎዳና ላይ ተርቦ የኖረ ልጅ ነገም ምግብ አለ ብሎ ቶሎ አያምንም አለችኝ። «ክዳን ያለው ጣሳ ስጪው፣ እዚያ ያስቀምጥ።» ሰጠሁት። ማታ ማታ አንድ ዳቦ ይዞ ይተኛ ጀመር። ሁለት ወር ሳይሞላ ጣሳውን የብይ መያዣ አደረገው።

ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልገኝም ነበር። የጥቂት ቀን ሥልጠና ይበቃኝ ነበር።

በ2008 ዓ.ም የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923፣ ውጭ ሄዶ የሚሠራ ሰው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) እንዲይዝ ጠይቋል። ዓረብ አገር ቤት ልታጸዳ የምትሄድ ልጅ ሲኦሲ ትፈተናለች ማለት ነው። እኛ ግን የአገራችንን ወላጅ አልባ ልጆች በተያዥ ተረከብን። የውጭ ጉዲፈቻ በጥር 2010 ዓ.ም በሕግ ሲቀር ደስ ካላቸው አንዷ ነኝ። ልጆቹ እዚሁ ይደጉ ካልን ግን ማን እንደሚያሳድጋቸው ማየት አለብን።

የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር በዚህ ላይ ቢነጋገሩ ምን አለ? የሞግዚትነት የሙያ ደረጃ፣ ማለትም ሞግዚቷ ማወቅ ያለባት ነገር፣ ወረቀት ላይ መስፈሩ ብቻውን አይበቃም። የማሳደጊያ ፈቃድ ሲታደስ የሞግዚቶቹም ብቃት አብሮ ይታይ። አደራ፣ ነባሮቹን ግን በትምህርት ማስረጃ ሰበብ እንዳታባርሩብን። ሃያ ዓመት ልጅ ያሳደገች ሴት በተግባር ትፈተን፣ የጎደላትም ይሞላላት። ደረጃዋ ከፍ ሲል ደመወዟም አብሮ ይደግ።

ደመወዙን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የምንፈራረቀው ሁለት ሆነን ነበር፤ ኑሮው አላስቆም እያላቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ከእኔ ጋር የተመደቡ አራት ሴቶች ተራ በተራ ለቀቁ። አምስተኛዋ ስትመጣ ልጆቹ ስሟን እንኳ አልጠየቋትም።

አንዲት የቀድሞ ሞግዚት
ከአራዳ ክፍለ ከተማ