በአንድ ቆጣሪ ለሚጠቀሙ የኪራይ ክፍሎች መፍትሔ ይሰጥ

ለሐዋሳ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ሐዋሳ

ክቡር ከንቲባ፣

በታቦርም ሆነ በሃዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ በኩል ለኪራይ የሚሠራው ግቢ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ከዋናው ቤት ጀርባ የተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች፣ የጋራ መጸዳጃ፣ አንድ ቧንቧ፣ በአከራዩ ስም የወጣ አንድ የመብራት ቆጣሪ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ሦስት አራት ሆነው የሚከራዩት እንዲህ ያለውን ክፍል ነው። አከራይና ተከራይን የሚያጣላውም ከኪራዩ እኩል ይኸው ቆጣሪ ነው።

የመኖሪያ ቤት መብራት ታሪፍ በእርከን ይሰላል፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይወደዳል። አራት ክፍሎች በወር 30፣ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢያቃጥሉና አምስተኛው እንጀራ እየጋገረ 90 ቢያቃጥል ድምሩ 210 ይሆናል። አራቱ ለየብቻ ቆጣሪ ቢኖራቸው እስከ 50 ባለው ዝቅተኛ እርከን ይከፍሉ ነበር። በጋራ ቆጣሪ ግን ሒሳቡ ከ201 እስከ 300 ወዳለው እርከን ይገባል። አምፖልና ስልክ ቻርጅ ብቻ ያላት የፋብሪካ ሠራተኛ የጎረቤቷን ምጣድ ዋጋ ትከፍላለች ማለት ነው። ይህ ግፍ ነው፤ አከራዩ ግን ብቻውን ሊያርመው አይችልም።

በሰው ቁጥር ማካፈል አያዛልቅም፤ እንግዳ ይመጣል፣ ፈረቃ ይቀየራል። «መብራትን ጨምሮ» ብሎ ማከራየትም ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ስለሆነ አከራዩን ይጎዳል። የሚሻለው ከዋናው ቆጣሪ በኋላ የየክፍሉን ፍጆታ ለብቻ የሚለካ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ነው። እሱም ሥርዓት ይፈልጋል። ንዑሶቹ መነበብ ያለባቸው ዋናው በሚነበብበት ዕለት ነው፤ በአምስት ቀን ከተለያዩ ድምሩ አይገጥምም፣ ጭቅጭቁም ከዚያ ይነሳል። ጠቅላላ ሒሳቡ ለዋናው ንባብ ተካፍሎ የሚገኘው ዋጋ በየክፍሉ ንባብ ይባዛል። የሚተርፈው ልዩነት የግቢ መብራትና የሽቦ ብክነት ስለሆነ በአከራዩ ላይ ይሁን። ልዩነቱ ድንገት ካደገ ግን ከንዑስ ቆጣሪው በፊት የተቀጠለ ሽቦ መኖሩ ይፈተሽ።

መስመር መጋራቱ አደጋም አለው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ሁለት ምጣድ በአንድ የ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ አብረው ሲበሩ ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፤ ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ የሚተካ ሰው ደግሞ ቤቱን ለእሳት ያጋልጣል። ለምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልጋል።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ስለዚህ በከተማችን በሚመዘገበው የውል ቅጽ ላይ የመግቢያና የመውጫ ቀን የመብራትና የውሃ ንባብ፣ የማካፈያው ስሌትና ምጣድ የተፈቀደበት መስመር የሚሞላበት ገጽ እንዲጨመር እንጠይቃለን። ቁልፍ በሚመለስበት ዕለት ሁለቱም ወገኖች ንባቡ ላይ ይፈርሙ፤ ተከራዩ ከወጣ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ ያን ጊዜ ባለቤት አያጣም።

ሁለተኛው ጥያቄያችን ከመብራት አገልግሎቱ ጋር መነጋገርን ይፈልጋል። በአንድ ካርታ ላይ ላሉ የኪራይ ክፍሎች የተጨማሪ ቆጣሪ ማመልከቻ ሲቀርብ የተመዘገበው ውል እንደ በቂ ማስረጃ እንዲያዝ፣ ቅድሚያውም ብዙ ክፍል ላላቸው ግቢዎች እንዲሰጥ አስተዳደሩ ያስማማልን። የቆጣሪውን ወጪ ለመሸፈን ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በሐዋሳ ቤት የምናከራይ ነዋሪዎች