ለመኪናዎ የሚከፈት መንገድ ለአውቶቡሱም ይከፈት

የባሕር ዳር መንገድ ለሚመለከትዎ ክቡር ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ።

በአደባባይ የምጽፍልዎ ወድጄ አይደለም። በቢሮዎ በኩል የላክሁት ደብዳቤ የውሃ ሽታ ሆኖ ስለቀረ ነው። መዝገብ ቤት ገባ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ማህተም ተመታበት። ከዚያ «ተመርቷል» ተባልሁ። ወደ ማን? «ወደሚመለከተው ክፍል።» የሚመለከተው ክፍል ስሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው። ከሰዓት ስመለስ መስክ ወጥተዋል። ደጅ ጥናቱ ሲረዝም ከጸሐፊዎ ጋር ቤተሰብ ሆንን። ደግ ሴት ናቸው፤ ወንበር ነፍገውኝ አያውቁም። መልሱ ግን ከእሳቸው የሚመጣ አይደለም።

ስለዚህ ጉዳዩን እዚህ ላስቀምጠው። እርስዎ ባያነቡት ሌላ ሰው ያነበዋል።

አማቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ስኳር አለባቸው። የምንኖረው ዓባይ ማዶ ነው፤ ለክትትል ሆስፒታል የሚመላለሱት በከተማው አውቶቡስ ነው። ባጃጅ ያንገጫግጨኛል ይላሉ። ኮንትራት እንያዝ ካልንም ዋጋውን እርስዎ ያውቁታል። ወይም አያውቁትም፤ ባጃጅ ከያዙ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነዎ እንጃ።

የዚያን ዕለት ጠዋት አብሬያቸው ነበርሁ። ድልድዩን በደህና ተሻገርን። ጊዮርጊስ አካባቢ ስንደርስ የምንወርድበት ፌርማታ ቦታ የለውም። እንቦጭ የጣናን ዳር እንደሚይዘው መኪና ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞታል። እዚያው አጠገብ ካለ አዳራሽ ስብሰባ ነበር። ታርጋቸውን አየሁ፤ ኮድ 4፣ የመንግሥት ናቸው። አንዱ ሾፌር ወንበሩን አጋድሞ ተኝቷል። ሌላው በሩን ከፍቶ እግሩን አውጥቷል፤ ሊስትሮ ፌርማታው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ይጠርግለታል። አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ደግሞ በመኪኖቹ መካከል እየሾለኩ አስፋልት ላይ ወርደው ቆመዋል።

የእኛ ሾፌር ክላክስ አደረገ። የተነቃነቀ የለም። ከኋላ ሚኒባሱም ባጃጁም ጡሩምባውን ለቀቀው። ውስጥ «ወራጅ አለ!» ይባላል። ቀጣዩ ፌርማታ ሩቅ ነው። ሾፌሩ ምን ያድርግ? መሃል አስፋልት ላይ አቁሞ በሩን ከፈተ።

አማቴ አንድ እግራቸውን እንዳወረዱ፣ በአውቶቡሱና በቆሙት መኪኖች መካከል በቀረችው ክፍተት አንድ ባጃጅ ሾልኮ መጣ። ትከሻቸውን ገጭቶ ጣላቸው። በእጃቸው መሬት ሊደገፉ ሲሉ አንጓቸው ተሰበረ። የቀጠሮ ካርዳቸው፣ የውሃ ጠርሙሳቸው፣ ስኳሩ ሲወርድባቸው የሚቀምሷት ቁራሽ ዳቦ፣ ሁሉም አስፋልቱ ላይ ተበተነ።

የባጃጁ ልጅ አልሸሸም። ከኔ ቀድሞ ያነሳቸው እሱ ነው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ትራፊክ ፖሊስ ሩቅ አልነበረም፤ ቶሎ መጣ። የልጁን መንጃ ፈቃድ ተቀበለና «አድርሰህ ና» አለው። ለአውቶቡሱ ሾፌር ከፌርማታ ውጭ ሰው በማውረድ የቅጣት ወረቀት ጻፈለት። እነዚያስ? ብዬ ወደ መኪኖቹ አሳየሁት። አየት አደረጋቸውና «ስብሰባ ላይ ናቸው እኮ» አለኝ።

ክቡር ኃላፊ፣ ቅሬታዬ ይኸው ነው። ፌርማታውን የዘጋው አልተቀጣም። ፌርማታ ያጣው ተቀጣ። የባጃጁ ልጅ ጥፋት አለበት፤ በቀኝ በኩል ሾልኮ ማለፍ አልነበረበትም፤ እሱም አልካደም። እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዞ አማቴን ሊጠይቅ ይመጣል። ሾፌሩ ግን ምን አጠፋ? ሰባ ሰው ጭኖ የት ይቁም? ጣና ላይ?

ሕግ ላስተምርዎ አልመጣሁም። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ እርስዎ ቢሮ ነው ያለው፤ እኔ ጋ አይደለም። በአውቶቡስ ፌርማታ መኪና አቁሞ መሄድ እንደማይቻል ማንም መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ተፈትኖበታል። የኮድ 4 ሾፌሮችም ያንኑ ፈተና ነው ያለፉት።

ደብዳቤዬን ያየ አንድ ባለሙያዎ ኮሪደር ላይ ያለኝ ነገር ደግሞ አለ። «ለአውቶቡስ ቅድሚያ መስጠት ለኛ ከተማ ገና ነው» አለኝ። ገና? ከተማው እኮ ቅድሚያ መስጠት አሳምሮ ያውቅበታል! ትልቅ እንግዳ ከአየር ማረፊያ ሲመጣ አይተናል። ትራፊኩ በየመስቀለኛው ይቆማል። ባጃጁ የት እንደሚገባ እንጃ፤ ድራሹ ይጠፋል። ከመንገድ ዳር አንድ መኪና አይቀርም። እኛ በአውቶቡሱ ውስጥ ተፋፍገን፣ አንዱ የአንዱን ብብት እያሸተተ፣ አጀቡ እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ጥቁር መስታወት ያለው መኪና እልፍ ይላል። ውስጡ ስንት ሰው አለ? ሁለት። ከበዛ ሦስት።

እኔ የምለው ያንኑ ችሎታ ለአውቶቡሱ ያውሉት ነው። ሳይረን አያስፈልገውም።

ነገሩ የኔ ፈጠራም አይደለም። የቦጎታ ከንቲባ የነበሩት ኤንሪኬ ፔኛሎሳ፣ መቶ ሰው የጫነ አውቶቡስ አንድ ሰው ከጫነ መኪና መቶ እጥፍ የመንገድ ቦታ ይገባዋል ይሉ ነበር። ብለውም አልቀሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ ከፍተው ሥራ አስጀመሩ። የብራዚሏ ኩሪቲባ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ጀምራዋለች። ሩቅ አገር ነው ካሉ ዳሬሰላም ቅርብ ናት። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አውቶቡሶቿ በመንገዱ መሃል በተለየላቸው መስመር መሮጥ ጀመሩ። ተሳፋሪው ትኬቱን ሳይሳፈር ይቆርጣል፤ መሳፈሪያው ከአውቶቡሱ ወለል እኩል ነው፤ አሮጊት ደረጃ አትወጣም፣ አትወርድም። ያ ትልቅ ብድር የወጣበት ሥራ ነው። እኔ ያን አልጠየቅሁም። የኔ ጥያቄ የአውቶቡስ መስመር የሚቀባበት ቀለምና ቆራጥነት ነው። ቀለሙ ርካሽ ነው።

የአሜሪካ የከተማ ትራንስፖርት ኃላፊዎች ማኅበር የሚባል አለ። ልብ ይበሉ፤ እንደ እርስዎ ያሉ ኃላፊዎች ናቸው። በመመሪያቸው ያስቀመጡት ቁጥር ይኸውልዎ። አንድ የመንገድ መስመር ለቤት መኪና ከተተወ በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ያው መስመር፣ ስፋቱ ሳይጨመር፣ ለአውቶቡስ ብቻ ሲሆን ከ4,000 እስከ 8,000 ያሳልፋል። በርግጥ ለዚያ ብዙ አውቶቡስ ያስፈልጋል፤ እኛ ያን ያህል የለንም። የለንም ብለን ግን ያሉትንም ቆመው እንዲውሉ እናድርግ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም «በጀት የለም» የሚለው መልስ የሚፈርሰው እዚህ ነው። አንድ አውቶቡስ ደርሶ ለመመለስ 60 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። በየ15 ደቂቃው አንድ እንዲመጣ ከተፈለገ 4 አውቶቡስ ይበቃል። መንገዱ ተጨናንቆ ያው ጉዞ 90 ደቂቃ ከፈጀ፣ ለዚያው ሕዝብ፣ ለዚያው የ15 ደቂቃ ጥበቃ 6 አውቶቡስ ያስፈልጋል። ሁለቱ አውቶቡሶች ከየት ይመጣሉ? በውጭ ምንዛሪ ተገዝተው። ነዳጃቸው፣ ጎማቸው፣ የሾፌርና የትኬት ቆራጭ ደመወዛቸው ሳይቆጠር ማለት ነው። መንገዱን ቢያስለቅቁላቸው ሁለት አውቶቡስ በቀለም ዋጋ ገዙ ማለት ነው። ይህን ሂሳብ የስድስተኛ ክፍል ልጄ ይሠራዋል። እርስዎ ቢሮ ደግሞ ኢኮኖሚስት አይጠፋም።

ቦታ የለም እንዳይሉኝ። በባሕር ዳር? ዘንባባ ተደርድሮበት እንኳ የሚተርፍ ጎዳና ያላት ከተማ ናት። አዲሱን የዓባይ ድልድይ ይመልከቱት። ግንቦት 2016 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎናል። 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት፤ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል፤ የብስክሌትና የእግረኛ መንገዱ ሳይቀር ተለይቷል። 1.4 ቢሊዮን ብር ወጥቶበታል። ብስክሌት የራሱ መንገድ ማግኘቱ ለዚህች ከተማ ይገባታል፤ የብስክሌት አገር ናት። ግን እዚያ ሁሉ ስፋት ላይ ለአውቶቡስ የተባለ አንድ መስመር በጠዋቱና በማታው ሰዓት ቢቀባ ማን ይጎዳል? ድልድዩ የሚያተርፍልንን ደቂቃ መሃል ከተማ ስንገባ አንድ የቆመ ፒካፕ ይበላዋል። ያን ሁሉ ብር ያወጣነው ቶሎ ተሻግረን እዚህ ማዶ ለመቆም ከሆነ፣ እዚያ ማዶ መቆም ይሻለን ነበር። ቢያንስ ንፋሱ ጥሩ ነው።

ሌሎችም ቀላል ነገሮች አሉ፤ ባለሙያዎችዎ ስለሚያውቋቸው ቶሎ ልለፋቸው። ፌርማታ ከመስቀለኛ መንገድ በፊት ሳይሆን ካለፈ በኋላ ቢሆን፣ አውቶቡሱ መብራቱን ካለፈ በኋላ ስለሚያቆም አንድ ቀይ ይተርፍለታል። መብራት ባለበት አውቶቡስ ሲቀርብ አረንጓዴው ጥቂት ሰከንድ እንዲቆይለት ማድረግ ይቻላል። መብራት በሌለበት ደግሞ ትራፊክ ፖሊሱ አለ፤ እጁን ለአጀብ እንደሚዘረጋው ለአውቶቡስም ይዘርጋው። ፌርማታው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ከመሠራት ይልቅ የእግረኛ መንገዱ ወደ አውቶቡሱ ወጣ ቢል፣ መኪና የሚያቆምበትም ባጃጅ የሚሾልክበትም ክፍተት አይኖርም። አማቴ በዚህ ዓይነቱ ፌርማታ ቢወርዱ ኖሮ እጃቸው ዛሬ ደህና ነበር።

ባጃጅ ይታገድ እንዳልኩ ተደርጎ እንዳይወራብኝ። የብዙ ወጣት እንጀራ ነው። ወደ ውስጥ ሰፈር፣ ኮብልስቶኑ ላይ፣ አውቶቡስ የማይደርስበት ሁሉ የሚያደርሰን እሱ ነው። ከፌርማታው አለፍ ብሎ፣ በቅያሱ ላይ፣ የራሱ መቆሚያ ይሰጠው። አሁን ግን ቅጣቱም ግልምጫውም ሁልጊዜ እሱ ላይ ያርፋል፤ ኮድ 4 እያለ። አቅም ያለው ዘንድ ስለማይደረስ ነዋ።

እንግዲህ የምፈልገውን በአጭሩ። ያ ሾፌር የከፈለው ቅጣት ይመለስለት። ከወር ደመወዙ ነው የከፈለው፤ በኔ አማት ምክንያት ነው የከፈለው፤ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ከፌርማታው ላይ መኪና ይነሳ፤ መጀመሪያ የሚነሳውም የመንግሥት መኪና ይሁን፣ ሌላው አይቶ ይማራል። አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ የሚጠራ መሥሪያ ቤት መኪናውን የት እንደሚያቆም አስቀድሞ ያስብ። በእግራቸው ቢመጡም አይከፋም፤ ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ዳገት የለባትም። ስለ አውቶቡስ መስመሩ ደግሞ ከአንድ ጎዳና ይጀምሩ። የፈለጉትን ይምረጡ። እስኪ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብቻ ይሞክሩትና ካልሠራ ቀለሙን ያጥፉት።

መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። የደብዳቤዬ ቁጥር መዝገብ ቤት አለ፤ ጸሐፊዎ ያውቁታል። «ተመርቷል» የሚል ከሆነ ግን የተመራለት ሰው ስም ይጻፍበት።

ከአንድ የዓባይ ማዶ ነዋሪ