የቀረውን ልጅ ማን ይጠይቀው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። በኛ አጥቢያ የሰንበት ት/ቤቱ ኮሚቴ ወጣቶቹ የሚመሩበት እሴቶች ብሎ ረቂቅ አዘጋጅቶ ወላጆችም አስተያየት ስጡበት ብሎን ነበር፣ አነበብኩት፣ ልጆቹ ደክመውበታል እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ግን አንድ የጎደለ ነገር አለና ጉዳዩ ደግሞ የኛ አጥቢያ ብቻ ስላልሆነ ኮምቦልቻም ወልዲያም ያለ ሰው ቢያየው ብዬ ነው ወደናንተ የላክሁት።

ረቂቁ ላይ ፍቅር አለ ትህትና አለ ንጽህና አለ መታዘዝ አለ፣ ይሄን ማን ይቃወማል። ችግሩ ሁሉም የተጻፈው ለመጣው ልጅ መሆኑ ነው። እሁድ እሁድ ዩኒፎርሙን ለብሶ ለሚሰለፈው፣ ከበሮ ለሚመታው፣ ወረብ ለሚያጠናው። የቀረውስ? ቃለ ዓዋዲው፣ ማለትም የቤተክርስቲያናችን መተዳደሪያ ደንብ፣ እኮ ሰንበት ት/ቤት የሚለው ከ4 እስከ 30 ዓመት ያለውን ሁሉ ነው፣ ስለዚህ ባጃጅ የሚነዳውም፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በሽፍት የሚሰራውም፣ ውጤት ሳይመጣለት ቤት የተቀመጠውም፣ ከሰዓት ከሰዓት ጫት ላይ የሚውለውም የሰንበት ት/ቤቱ ልጅ ነው፣ መዝገብ ላይ ስሙ ባይኖርም። እኔ ብሆን ከሁሉም በፊት የምጽፈው ማንም ልጅ ሳይጠየቅ እንዳይቀር የሚል ነው። ሁለት እሁድ የጠፋ ልጅ ቤቱ ድረስ ይኬድ፣ በእግር፣ በቴሌግራም ሜሴጅ አይደለም። የሚሄደውም ለምን ቀረህ ብሎ ለመገሰጽ ሳይሆን አብሽር እንዴት ከረምክ ብሎ ቡና ጠጥቶ ለመምጣት ይሁን።

ይሄን የምለው ወድጄ አይደለም። ልጆቻችንን እየጠየቃቸው ያለው ደላላው ነው። ደላላው ስማቸውን ያውቃል፣ ቤታቸውን ያውቃል፣ አባትየው ስንት እዳ እንዳለበት ሳይቀር ያውቃል፣ ማታ ማታ ይደውልላቸዋል፣ ከዛ አንድ ቀን በአፋር በረሃ አድርገው ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን ደግሞ ወደ ሳውዲ ድንበር ነው። መንገዱን ወሎ ውስጥ የማያውቀው የለም። እኛ ግን ልጁ ከሄደ በኋላ ነው እናቱ ቤት የምንሰበሰበው። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ደግሞ ስንት ቤት እንደተዘረፈ ስንቱ ከስራ እንደወጣ እናውቀዋለን፣ እንዲህ ላለ ልጅ ስደት ጥሩ አይደለም ብሎ ስብከት መስጠት ብቻውን ምን ይሰራለታል? የተመለሱትን ልጆች አስቀምጣችሁ ያዩትን ይናገሩ፣ እየሰማ ይወስን። የሄዱትንም በክርስትና ስማቸው በጸሎት አስቧቸው፣ እናቶቻቸውን ጠይቁ። እናት ልጇ ባህር ላይ ይሁን እስር ቤት ይሁን ሳታውቅ ስትከርም የሚጠይቃት ሰው ማጣቷ ሌላ ስቃይ ነው።

ትምህርቱም ላይ አንድ ነገር ልበል። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከ100 ተፈታኝ 3 ገደማ ነበር፣ ታዲያ የቀረው ልጅ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ አለ? ሐይቅ እስጢፋኖስ እኮ እዚሁ አጠገባችን ነው፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ እዛ ገዳም ወጣት ሰብስበው ሲያስተምሩ አቡነ ተክለሃይማኖት ሳይቀሩ ከሩቅ መጥተው ከሳቸው ስር ተምረዋል፣ ጸሎትም ንባብም መጽሐፍ መገልበጥም አንድ ላይ ነበር። የኛ አዳራሽ ደግሞ ከሰኞ እስከ አርብ ተቆልፎ ይውላል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት ልጆች ማታ ማታ ሂሳብና እንግሊዝኛ ቢያስጠኑበት አገልግሎት አይደለም ወይ?

ቲክቶኩን ደግሞ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንዳንድ ልጆቻችን ሃይማኖት ጠበቅን እያሉ ሌሊቱን ሙሉ ላይቭ ላይ እስላሙንም ፕሮቴስታንቱንም ሲሰድቡ ያድራሉ። ወሎ ላይ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የውጭ ሰው ላይገባው ይችላል፣ የኛ ቅሬ፣ እድር የምትሉት ማለት ነው፣ እኮ አንድ ነው፣ ሰው ሲሞት ድንኳኑን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ነው የሚተክለው፣ በዓል ሲሆን ለእንግዳው በሃይማኖቱ የታረደ ስጋ ለብቻ ይዘጋጅለታል፣ ብዙዎቻችን ደግሞ ሙስሊም አክስት ወይ አጎት አለን። ሃይማኖታችሁን አለሳልሱ አላልኩም፣ እንደውም ዶግማውን በደንብ ይማሩት፣ ምክንያቱም ጠንቅቆ የተማረ ልጅ ስድብ ውስጥ ሲገባ አላየሁም። ያክስቱን እምነት የሰደበ ልጅ ነገ ቅሬው ላይ በምን አይን ያያታል?

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ለግሸንና ለላሊበላ ጉዞ ከልጅ የሚሰበሰብ ብር ደረሰኝ ይኑረው፣ ሂሳቡ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ አለቀ።

የመጨረሻው ግን ከባዱ ነው፣ እኛ እናቶች እርስ በርስ የምናወራው ረቂቁ ላይ ግን የሌለው። ትልልቅ አገልጋዮችና ትንንሽ ልጆች የሚገናኙበት ስርዓት በግልጽ ይጻፍ። አንድ አገልጋይ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይሁን፣ ማታ ለሴት ልጅ በግል ሜሴጅ አይላክ፣ ወንዶቹ ህጻናትም እኩል ይጠበቁ። ቅሬታ ሲመጣ ደግሞ ቤተክርስቲያን እንዳትሰደብ ተብሎ አይሸፈን፣ ልጁ ይሰማ፣ ወላጅ ይወቅ፣ የህግ ጉዳይ ከሆነ ወደ ህግ ይሂድ። ይሄን መጻፍ የሚያሳፍር የሚመስላቸው አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ፣ አክብሬያቸው ነው የምናገረው፣ ግን ልጄን የምልከው አምኜ ነው።

ኮሚቴው ረቂቁን ከማጽደቁ በፊት ይሄ ቢደርሰው ብዬ ነው። ሌላ አጥቢያ የቀሩትን ልጆች ቤት ለቤት የሚጠይቅ ሰንበት ት/ቤት ካለ እንዴት እንደሚያደርጉት፣ ማን እንደሚመደብ፣ የስራ ሰዓት ያላቸው ልጆች እንዴት እንደሚገኙ በጋዜጣችሁ ቢጽፉልን በጣም ይጠቅመናል።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ