ለልጄ ውሃችሁን ላፈሰሳችሁ ጎረቤቶቼ

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ለምትኖሩ የግቢያችንና የሰፈራችን ሰዎች፦ ልጄ ድናለች። ፋሻው ተፈቷል፣ ክንዷም አዲስ ቆዳ አውጥቷል። በየቤታችሁ ዞሬ ላመሰግን አስቤ ነበር። ግን ያን ቀን ግቢያችን ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ በመልክ እንኳ አላውቀውም። ስለዚህ እዚህ ልጽፍላችሁ ወሰንኩ።

ላልሰማችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሕፃኗ የጠረጴዛውን ጨርቅ ሳበች። ገና ከምድጃ የወረደው ሻይ ከነማንቆርቆሪያው ግራ ክንዷና ደረቷ ላይ ተገለበጠ። ጩኸቷን ሰምቶ ያልመጣ ሰው አልነበረም።

ባዶ እጁን የመጣም አልነበረም። አንዷ የጥርስ ሳሙና፣ አንዷ እንቁላል፣ ሌላዋ የተቆረጠ ቲማቲም ይዛለች። ቅቤ ያለም ነበር። ሁሉም ከፍቅር ነው፤ እኛም ልጅ ሆነን ስንቃጠል የተደረገልን ይኸው ነው። ከመሃል ግን የላይኛው ቤት ጋሼ፣ ጡረታ የወጡት ድሬሰራችን፣ "ማንም ምንም እንዳይቀባት! ውሃ አምጡ!" አሉ። እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም።

ጋሼ፣ የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለእርስዎ ነው። ሹራቧን ወዲያው አወለቁላት። ትኩስ ሻይ የጠጣ ልብስ ቆዳ ላይ እስካለ ድረስ ማቃጠሉን እንደማያቆም የነገሩኝ በኋላ ነው። ቀጥለው አምባሯን አወጡ። ያኔ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ልጅ እየጮኸች ስለ አምባር ማን ያስባል? ማታ እጇ አብጦ ሳየው ገባኝ። እዚያው ቀርቶ ቢሆን ተቆርጦ ካልሆነ አይወጣም ነበር።

ከዚያ የውሃው ነገር መጣ። ቧንቧው ደርቋል፣ ፈረቃችን ገና ነው። ሮቶው ውስጥ ትንሽ ነበረች፣ ግን የአዳማ የሚያዝያ ፀሐይ ሲያሞቃት ስለዋለ ትፋጃለች። ጋሼ በእጃቸው ነክተው "ይሄ አይሆንም" አሉ። በረዶ ልታመጣ ወደ ፍሪጅ የሮጠችውንም መለሷት። በረዶ የተቃጠለውን ቆዳ መልሶ ይጎዳዋል፣ የትንሽ ልጅንም ሰውነት በአንዴ ያቀዘቅዛል። የሚፈለገው ጥላ ውስጥ የዋለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ነው። እሱ ደግሞ ያለው በየቤታችሁ ነበር፤ ለራትና ለልጆቻችሁ መታጠቢያ ብላችሁ በቆጠባችሁት ጄሪካን ውስጥ።

እሱን አመጣችሁት። ማንም "ነገስ?" አላለም። በጆግ እየቀዳችሁ፣ እየተቀባበላችሁ፣ ክንዷና ደረቷ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ሳታቋርጡ አፈሰሳችሁ። 20 ደቂቃ ሙሉ። የሚያለቅስ ልጅ የያዘ ሰው 20 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም ያውቀዋል። እኔ ደጋግሜ "ይበቃል፣ ሆስፒታል እንሂድ" እላለሁ። ጋሼ ሰዓታቸውን እያዩ "ሙቀቱ ከቆዳዋ ስር ገና አልወጣም ልጄ፣ ትንሽ ታገሺ" ይሉኛል። ቀሪ ሰውነቷን በጋቢ ጠቅልለሽ ጭንሽ ላይ የያዝሻት የጎን ቤቷ እህቴ፣ ቀሚስሽ እስከ እግርሽ ርሶ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ሳትንቀሳቀሽ ያዝሻት። ውሃው ሲበቃ ታጥቦ የተቀመጠ ነጠላሽን አውጥተሽ ቁስሏን የሸፈንሽላትም አንቺ ነሽ። ነጠላውን መመለስ አልቻልኩም፤ ሌላ እየተሸመነልሽ ነው።

የጥርስ ሳሙናውን ይዘሽ የመጣሽው እህቴ፣ አንቺን ለብቻሽ ማመስገን እፈልጋለሁ። ጋሼ ሲናገሩ አልተከራከርሽም፣ አላኮረፍሽም። ኪስሽ ውስጥ ከተሽው ጄሪካን ልታመጪ ቀድመሽ የሮጥሽው አንቺ ነሽ። በድንጋጤ መሃል እንደዚያ ቶሎ ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ብዙ አላየሁም።

ሆስፒታል ስንደርስ የሐኪሟ የመጀመሪያ ጥያቄ "ምን ቀባችኋት?" የሚል ነበር። "ውሃ ብቻ" ስላት ፊቷ በራ። ሊጥ፣ የቡና ዱቄት፣ የጥርስ ሳሙና የተቀባ ልጅ ሲመጣ ጥልቀቱ እንዲታይ ያ ሁሉ ከቁስሉ ላይ መታጠብ አለበት። ልጁ እንደገና ይሰቃያል፣ ቁስሉም በቀላሉ ያመረቅዛል። ውሃ የቋጠረውን ቦታ እንዳናፈነዳው አስጠነቀቀችን፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰዷንም ከካርዷ አየች። ፊት፣ እጅ ወይም መገጣጠሚያ ላይ ያረፈ ቃጠሎ፣ ወይም ከልጁ መዳፍ የሚሰፋ ከሆነ ቤት ውስጥ አይታከምም አለችን። እርሷንና ሌሊቱን ሙሉ እየተመላለሱ ያዩልንን ነርሶች እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ቡና በተፈላ ቁጥር ጋሼን ጥያቄ ይከባቸዋል። ዘይት ድስት ላይ ቢነድስ? ምድጃውን አጥፉ፣ በክዳን አፍኑት፣ ውሃ እንዳታስነኩት፤ የነደደ ዘይት ውሃ ሲነካው እሳቱን ይረጨዋል። ልጅ ነጭ ጋዝ ቢጠጣስ? አታስታውኩት፣ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባል፣ በቀጥታ ይዛችሁ ሩጡ። ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛትስ? እዚህ ላይ ጋሼ ይቆጣሉ። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛው ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። እናቶች በሃይላንድ ጠርሙስ ያስቀመጡትን ጋዝ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አውጥተዋል። ጋሼ፣ ትዕግስትዎ ይብዛልን።

ትልቁን ልጄን ወስዳችሁ ያበላችሁና ያስተኛችሁ፣ ቤታችንን ጠርጋችሁ ቆልፋችሁ የጠበቃችሁ፣ አጥሚት ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ስልክ እየደወላችሁ የጠየቃችሁን፣ ሁላችሁንም ክፉ አይንካብኝ።

ያላገኘሁት አንተን ነው፣ የባጃጅ ሹፌሩን። ዋናው መንገድ በከባድ መኪና መዘጋቱን ስታይ በውስጥ ለውስጥ ወሰድከን። ጉድጓድ ባየህ ቁጥር ቀስ እያልክ "አይዞሽ የኔ እናት፣ ደረስን" ትላት ነበር። ሂሳብ ልሰጥህ ስል "ለልጅቷ ጭማቂ ግዥላት" ብለህ ሄድክ። ስምህን አልጠየቅኩም፣ ሰሌዳህንም አላየሁም። ይህን ካነበብክ ወይም የሚያውቅህ ሰው ካነበበው፣ ቤታችንን ታውቀዋለህ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁላችንም አለን። ባለቤቴ በአካል ሊያመሰግንህ ይፈልጋል፣ ልጅቷንም ታያታለህ።

የልጅቷ እናት፣ ከአዳማ