ትዕዛዙ በስልክ፣ ፊርማው የኔ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የመንግሥት ሠራተኛ ሰነፍ ነው፣ ባለጉዳይ ያጉላላል፣ «ነገ ተመለሱ» ይላል እየተባለ ሲጻፍ ባነበብኩ ቁጥር እጄን ይበላኛል። ዛሬ አልቻልኩም፣ ጻፍኩ። ሰነፍ የለም ልል አይደለም። አለ፤ እኔ ካለሁበት ክፍል ብቻ ሁለቱን ልቆጥርላችሁ እችላለሁ። ግን ጎበዙ ሰው ቀስ በቀስ እንዴት ፊርማ ፈሪ እንደሚሆን የሚጽፍ አላየሁም።

የምሠራው ግዥ ክፍል ነው። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ፍላጎት ይመጣል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ለትንንሹ ደግሞ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ያሸነፈው ያቀርባል። መመሪያውን በቃላችን እናውቀዋለን። ከዚያ ስልክ ይደወላል። «ይቺን ነገር ቶሎ ጨርሱልኝ እስቲ፣ ከላይ የመጣች ናት።» ከላይ ማን? አይነገርም፣ አይጠየቅም። ደብዳቤ የለ፣ ማኅተም የለ። የደወለው ሰው ከወራት በኋላ ሌላ ቦታ ይሾማል (ሹመት እንደ ታክሲ ሰልፍ ሆኗል፣ ተረኛው ይሳፈራል)፤ ኦዲተር ሲመጣ ግን ሰነዱ ላይ ያለችው ፊርማ የኔ ናት።

እምቢ ብትልስ? ማንም አያባርርህም። ማባረር በሕጉ ቀላል አይደለም፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አለ፣ ይግባኝ አለ፣ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አለ። የሚመጣብህ ሌላ ነው። የአፈጻጸም ነጥብህ ወረድ ይላል። አዲስ መዋቅር ሲወጣ ድልድሉ ላይ ስምህን ፈልገህ ፈልገህ የማታውቀው ቦታ ታገኘዋለህ። ወይም ግምገማ ላይ «የአመለካከት ችግር አለበት» ትባላለህ። ይቺ አመለካከት የምትባል ነገር በኪሎ አትመዘን፣ በሜትር አትለካ፣ ማስተባበያ የላትም። ሠርተህ ያስረከብከውን ቆጥረህ ልታሳይ ትችላለህ፣ አመለካከትህን ግን ምን አድርገህ ታሳያለህ?

ሥራና ፖለቲካ መቀላቀሉ አዲስ አይደለም። አባቴም የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ የደርግ ዘመኑ ገዥ ፓርቲ ኢሠፓ ከተመሠረተ በኋላ ኃላፊነትና የፓርቲ አባልነት እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ሲያወራን ነው ያደግነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ደግሞ ኢሕአዴግ አባላቱን በሚሊዮን ሲያበዛ፣ ቀጥሎም 1 ለ 5 የሚባለው፣ ሰውን በትንንሽ ቡድን የሚጠረንፈው አደረጃጀት፣ ቢሮ ድረስ ሲገባ፣ እኛ ራሳችን አየነው። ወረቀቱ ላይ ግን ሁሉም አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 የፖለቲካ ድርጅት አባልነት በፍላጎት ነው ይላል። እኔ ስቀጠር የነበረው አዋጅ 515/1999 ሥራ ፈላጊን በፖለቲካ አመለካከቱ መለየትን ይከለክላል። ከዚያ ወዲህ አዋጁ ሁለቴ ተቀይሯል፣ በ2010ና በ2017። ስልኩ ግን ያው ይደወላል።

የፋብሪካ ሠራተኛ ቢያንስ ማኅበር አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ እኛን አይመለከትም። ስለዚህ እያንዳንዳችን ለብቻችን ነን፣ ለብቻው የሆነ ሰው ደግሞ ቶሎ ይማራል። ምን ይማራል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ጉዳይህን ይዘህ ስትመጣ በሦስት ቀን ሊያልቅ የሚችለውን «ለሚመለከተው ይመራ» ብሎ ይጽፍበታል፤ የሚመለከተውም መልሶ ይመራዋል፤ በመጨረሻ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴ አንገት የለውማ፣ ማንም አይይዘውም! አንተ ኮሪደር ላይ ቆመህ ሰነፎች ትለናለህ፤ እኔ ውስጥ ተቀምጬ ነገ ማን ይደውል ይሆን እላለሁ።

በ2016 የአዲስ አበባ አስተዳደር አመራሩንና ሠራተኛውን ሲፈትን ከግማሽ በላይ አላለፈም ተብሎ ፌስቡክ ላይ ስንት ተሳቀ። ፈተናውን አልቃወምም፣ ይፈተን። ግን ሰውዬው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የተጠየቀው ችሎታውን ነበር ወይስ ሌላ?

ደሞዝ ጨምሩልን ብዬ አይደለም የጻፍኩት (ቢጨመር አልጠላም)። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ትዕዛዝ በደብዳቤ ይሁን። አዛዡ ስሙን ይጻፍ፣ ይፈርም፣ እኔም ሕጉ ከፈቀደ እፈጽማለሁ፣ ካልፈቀደ ምክንያቴን ጽፌ እመልሳለሁ።

አብረን የሠራን አንድ ጋሼ ነበሩ። ስልክ በተደወለ ቁጥር ከመሳቢያቸው ሰማያዊ ደብተር አውጥተው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደዋዩን ስምና ያለውን ቃል በቃል ይጽፋሉ። እንስቅባቸው ነበር። ነገሩ ሲታወቅ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ፤ ቅያሜ የለ፣ ምን የለ፣ ደብተራቸውን በፌስታል ይዘው ወረዱ። ከዓመታት በኋላ ኦዲት መጥቶ ስንቱ ሲርበተበት እሳቸው ፌስታላቸውን ይዘው ገቡ፣ ሻይ ሳይበርድ ወጡ። ባለፈው ሳምንት እኔም አንድ ደብተር ገዛሁ። እስካሁን ሦስት ገጽ ሞልቷል።

ስሜን እንዳታወጡት አደራ።

አንድ የግዥ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ